ሐያሲ ገንዘብ ቆጥሮ ሲፈርድ፦ ስለ ዬንስ ቲስ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው እትም ስለ ኖርዌያዊው ሰዓሊ ኤድቫርድ ሙንክ ስጽፍ ዬንስ ቲስ የሚባል ሰው በአንድ መስመር ጠቅሼ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ ሙንክ ሳይሆን ስለዚህ ሰው የሚጠይቁ ሆኑ። ደስ ብሎኛል። ሰዓሊን የሚያስታውስ ብዙ ነው፤ ሥዕሉን ማን ገዛው፣ በማን ውሳኔ ተሰቀለ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ይህ ዬንስ ቲስ የሙንክ የቅርብ ጓደኛ ነበር ሲሉ ሰማሁ። የብሔራዊ ጋለሪው ዳይሬክተር ሆኖ ሳለ «ጩኸት»ን ጨምሮ የጓደኛውን ሥዕሎች በመንግሥት ገንዘብ ገዝቷልም ይላሉ። ይህ አድልዎ አይደለም? ሰውየውስ ማን ነው? (የሥዕል ተማሪዋ)

መልስ፦ ልጄ፣ ማንነቱን ላስቀድም። ዬንስ ቲስ በ1870 ክሪስቲያኒያ ተወለደ፤ በ1925 ኦስሎ የሚለውን ስም የያዘችው ከተማ ናት። የተማረው የሕንፃ ንድፍ ነው። ከዚያ ወደ ጥበብ ታሪክና ወደ ሂስ አዘነበለና በ1895 ትሮንድሄም ከተማ ያለ የዕደ ጥበብ ሙዚየም ኃላፊ ሆነ። በ1908 ወደ ተወለደበት ከተማ ተመልሶ የብሔራዊ ጋለሪው የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ፤ በዚያ ወንበር እስከ 1941 ድረስ ለ33 ዓመት ቆየ። በ1942 አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለ አረፈ።

ጓደኝነቱ እውነት ነው፣ ማንም የሚክደው አይደለም። በ1909 ሙንክ ቲስን ከራስ እስከ እግር ቁመቱን አቁሞ ስሎታል። በዚያው ዓመት ሌሎች ወዳጆቹንም እንዲሁ በቁም ስሏቸዋል፤ እነዚህን ሥዕሎች ከራሱ ሳይለይ ያቆያቸው ነበር፤ የጥበቡ ጠባቂዎች አድርጎም ይቆጥራቸው ነበር። ቲስ ከጠባቂዎቹ አንዱ ነው።

ነገር ግን ወዳጅነቱን ከመፍረድሽ በፊት የጊዜውን አየር ማየት አለብሽ። በ1886 ሙንክ «የታመመችው ልጅ» የተባለውን ሥዕል ለሕዝብ ሲያሳይ ተመልካቹ ሳቀበት። በዘመኑ የታወቀው ሐያሲ አንድሪያስ ኦበርትም ሥዕሉን ያላለቀ፣ ገሚሱ የተፋቀ ንድፍ ብሎ አጣጣለው። ኦበርት ዓይነ ደካማ ሰው አልነበረም። ጀርመኖች የረሱትን የራሳቸውን ሰዓሊ ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክን እንደገና ካስተዋወቋቸው ቀዳሚ ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው እንኳ ሙንክ ፊት ሲቆም ብዙ ተቸገረ። በ1895 ደግሞ «ጩኸት» ክሪስቲያኒያ ውስጥ ለእይታ ሲቀርብ፣ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ አንድ የሕክምና ተማሪ ተነሥቶ የሰዓሊው አእምሮ ጤነኛ ነው ወይ ብሎ ተከራከረ። በሥዕሉ ላይ፣ ከቀዩ ሰማይ ላይ፣ ይህን ሊስል የሚችለው እብድ ብቻ ነው የሚል ቃል በእርሳስ በትንሹ ተጽፎ ይገኛል። ለብዙ ዓመታት አንድ የተናደደ ተመልካች የጻፈው ይመስል ነበር። በ2021 የኖርዌይ ብሔራዊ ሙዚየም በኢንፍራሬድ ፎቶ አንሥቶ ጽሕፈቱን ከሙንክ ደብዳቤዎች ጋር ሲያስተያይ የራሱ የሙንክ እጅ ሆኖ ተገኘ። ስድቡ ምን ያህል ውስጡ ገብቶ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

ቲስ ሥራ የጀመረው እንግዲህ በዚህ አየር ውስጥ ነው። በ1908 መጨረሻ ሙንክ ኮፐንሃገን ውስጥ በዶክተር ዳንኤል ያኮብሰን ክሊኒክ ተኝቶ ነበር። እርሱ ገና እዚያው እያለ ቲስና ሐያሲው ያፔ ኒልሰን ክሪስቲያኒያ ላይ በ1909 ትልቅ ኤግዚቢሽን እንዲከፈትለት አደረጉ። ብሔራዊ ጋለሪው ከገዛቸው ሥራዎቹ አንዱ «ማግስቱ» ይባላል። አንዲት ሴት ሸሚዟ እንደተከፈተ አልጋ ላይ ተዘርራለች፤ ፀጉሯና አንድ እጇ ከአልጋው ወደ ታች ወርደዋል፤ ከፊት ጠረጴዛው ላይ ጠርሙስና ብርጭቆ አለ። ጋዜጦቹ ጮኹ። ሰካራም ሴት በመንግሥት ጋለሪ ስካሯን ታሳልፍ ተብሎ ነው ወይ፣ ከእንግዲህስ ጨዋ ሰው ልጁን ይዞ እንዴት ይገባል ተባለ። ቲስ ግን ሥዕሉን አላወረደም።

አሁን «ጩኸት»ን በተመለከተ ላርምሽ፤ እርሱ አልተገዛም። ኦላፍ ሹ የተባለ የባለ ፋብሪካ ልጅ፣ ራሱም ሥዕል የሞከረና የሙንክን ሥራዎች ሲሰበስብ የኖረ ሰው፣ በ1909 ስብስቡን ለብሔራዊ ጋለሪው ለገሠ፤ «ጩኸት» በ1910 በዚሁ ስጦታ ገባ። «ማዶና»ና «የሕይወት ጭፈራ»ም ከሹ የመጡ ናቸው። በእኔ አስተያየት ይህ ለቲስ ከግዢው የሚበልጥ ምስክር ነው። ሀብታም ሰው ዕድሜውን የሰበሰበውን አሳልፎ የሚሰጠው፣ ተቀባዩ ምድር ቤት ወርውሮ እንደማይረሳው ሲያምን ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። ሙንክን ያገኘው ቲስ ነው የሚሉ ያጋንናሉ። ጀርመን አገር ውስጥ እንደ ዶክተር ማክስ ሊንደ ያሉ ሰብሳቢዎች ከቲስ ቀድመው ገዝተውታል። ቲስ ያደረገው ሌላ ነው፦ የገዛ አገሩ መንግሥት ሙንክን በግድግዳው ላይ እንዲቀበል አደረገ። አድልዎ ነበር ወይ ላልሽው ደግሞ ፈተናው ቀላል ነው። ጓደኞቹ ካልሆኑት፣ ውለታ ሊመልሱለት ከማይችሉት የገዛውን ተመልከቺ። የሚቀጥለው ደብዳቤ ወደዚያ ይወስደናል።

ጥያቄ፦ ኦስሎ ያለው የቫን ጎ የራስ ምስል ሐሰተኛ ነው ሲባል ከአንድ የድሮ መጽሔት ላይ አነበብኩ። የገዛው ቲስ ከሆነ ተታሎ ነበር ማለት ነው? (ተጠራጣሪው)

መልስ፦ አልተታለለም። የዚህን ሥዕል ታሪክ ሰፋ አድርጌ ልንገርህ፤ የቲስ ዳኝነት እንደዚህ የተፈተነበት ሌላ ሥራ የለም ብዬ አምናለሁ።

ብሔራዊ ጋለሪው ሥዕሉን የገዛው በ1910 ነው። ቫን ጎ ከሞተ 20 ዓመቱ ነበር። የቫን ጎን የራስ ምስል ገዝቶ ለሕዝብ ስብስብ ያስገባ ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ፓሪስም በርሊንም አልቀደሙም። በዚያን ጊዜ ቲስ ሥራውን ከያዘ ገና ሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ የ«ማግስቱ» ጩኸት እንኳ በቅጡ አልበረደም።

ምስሉን ያየ ሰው ለምን ጥርጣሬ እንደተነሣ ይገባዋል። ኦስሎ በኖርኩባቸው ዓመታት ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ወደነበረው አሮጌው ጋለሪ ስሄድ እርሱ ፊት ሳልቆም አልወጣም ነበር። እኛ የለመድነው ቫን ጎ ቢጫና ሰማያዊው የሚነድ፣ ብሩሹ የሚሽከረከር ነው። ይህኛው ግን ደብዛዛ ነው፤ አረንጓዴና ቡኒ የተቀላቀለበት፣ ብርሃኑ የጠፋ። ሰውየው ፊት ለፊት አያይም፤ ጭንቅላቱን ትንሽ ደፍቶ በጎን፣ ዓይኑን ሰብሮ ያያል። የፊቱ ቀለም እዚህም እዚያም በቀለም ቢላ ተጨፍልቆ ተለስኗል። አጠገቤ የቆሙ ጎብኚዎች ትንሽ አይተው ወደ ሙንክ ክፍል ሲያልፉ አስተውላለሁ፤ አልፈርድባቸውም።

ከ1970 ጀምሮ አዋቂዎች ጥርጣሬያቸውን በይፋ ተናገሩ፤ ቀለሙም አጣጣሉም ከሌሎቹ የራስ ምስሎቹ ጋር አይሄድም አሉ። ከዚያ በኋላ የባለቤትነቱ ታሪክ ተጠና። ሥዕሉ መጀመሪያ አርል ከተማ ቡና ቤት የነበራቸው ጆሴፍና ማሪ ጂኑ የተባሉ ባልና ሚስት፣ የቫን ጎ ወዳጆች፣ እጅ እንደነበረ፤ እነርሱም በ1896 በደላላ በኩል ለፓሪሱ የሥዕል ነጋዴ አምብሯዝ ቮላር እንደሸጡት ታወቀ። ይህም ክርክሩን አልዘጋውም። በ2014 ኖርዌያውያኑ ራሳቸው ሥዕሉን አምስተርዳም ወዳለው የቫን ጎ ሙዚየም ላኩና እውነቱን ንገሩን አሉ። ሸራው፣ ቀለሙ፣ ብሩሹ፣ ደብዳቤዎቹ ሁሉ ተመረመሩ። በጥር 2020 መልሱ መጣ፦ ያለ ጥርጥር የቫን ጎ ነው።

በዚህም አልበቃም። ሥዕሉ በነሐሴ 1889 መጨረሻ፣ ሳን ሬሚ በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ ሳለ የተሳለ መሆኑ ታወቀ። ሕመሙ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ክፉኛ ጥሎት ነበር። በነሐሴ 22 በጻፈው ደብዳቤ ገና እንደታመመ፣ ሆኖም እንደገና መሳል እንደሚሻ ይናገራል። በመስከረም 20 ለወንድሙ ለቴኦ ሲጽፍ ደግሞ ታምሞ ሳለ የሞከረውን አንድ የራስ ምስል ያነሣል። መርማሪዎቹ ያ ሙከራ ይህ ሥዕል ነው ይላሉ። በዚያ ሕመም ውስጥ ሆኖ እንደሳለው በእርግጠኝነት የሚታወቅ ሌላ ሥራ የለም። ደብዛዛው ቀለም የሐሰተኛ እጅ ምልክት ሳይሆን የበሽታው ምስክር ሆነ።

ቲስ ይህን ሁሉ አላየም፤ ኢንፍራሬድ ፎቶም የተመደበ የደብዳቤ መዝገብም በእጁ አልነበረም። የነበረው ዓይኑ ነው። ቀላሉና ደማቁ ቫን ጎ ሊማርከው ሲችል ይህን፣ የሚከብደውን መረጠ። እርሱ ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ላቦራቶሪው ከእርሱ ጋር ተስማማ። ወዳጅነት የሚባለው ነገር እዚህ የት ይገባል? ቫን ጎ መቃብር ውስጥ ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ከሸማኔ ቤተሰብ ነኝ፤ እጄም ከመወርወሪያ አልተለየም። ቲስ በሙዚየም ውስጥ ሽመና ያሠራ ነበር ሲባል ገረመኝ። እውነት ነው? (የሸማኔው ልጅ)

መልስ፦ እውነት ነው፤ ሥዕል ብቻ ይወድ ነበር ብለው ለሚያስቡ ሁሉ ይህን ብትነግርልኝ ደስ ይለኛል።

ኖርዌይ የቆየ የሥዕል ሽመና ባህል አላት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጉድብራንድስዳል በተባለው ሸለቆ የተሸመኑ የግድግዳ ጨርቆች ላይ አሥሩ ደናግል፣ ልባሞቹና ሰነፎቹ፣ በደማቅ ሱፍ ተሸምነው ይታያሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ጥበብ ደክሞ ነበር። ትሮንድሄም ያለው ሙዚየም በ1893 ሲቋቋም ዓላማው የቆየውን ማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን ለሚሠራው ባለሙያ ጥሩ አርአያ ማቅረብም ነበር። ቲስ ኃላፊ ከሆነ በኋላ በሙዚየሙ ሥር የሽመና ሥራ ቤት ተከፈተ። ሰዓሊው ጌርሃርድ ሙንቴ ከጥንት ተረቶችና ግጥሞች ተነሥቶ በውሃ ቀለም የሠራቸው ንድፎች እዚያ በሴቶች እጅ ድርና ማግ ለበሱ። ከዚያ ቤት የወጡ ሥራዎች በ1900ው የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ቀርበዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። የንድፉ ባለቤት የሙንቴ ስም በየመጽሐፉ አለ፤ ማጉን ያስገቡት ሴቶች ግን እምብዛም አይነሡም። አንተ የሙያው ሰው ስለሆንክ ሸማኔው ከንድፉ ላይ ስንት ነገር በራሱ ውሳኔ እንደሚጨምር ታውቀዋለህ። የሱፉ ቀለም የት ላይ እንደሚጠቁር፣ ጠርዙ እንዴት እንደሚታጠፍ ወረቀት ላይ አይጻፍም። በዚያው ዘመን የራሷን ንድፍ በራሷ የሸመነች ፍሪዳ ሃንሰን የምትባል የስታቫንገር ሴት ነበረች። በ1897 ከፊሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ጨርቅ የሚሸመንበትን ዘዴ በስሟ አስመዝግባለች። ስሟን ፈልገህ ሥራዎቿን እይ።

ቲስ ለትሮንድሄሙ ሙዚየም ከፓሪስ ሳሙኤል ቢንግ ሱቅ በዘመኑ አዲስ የነበሩ ዕቃዎችን ገዝቷል። በ1907 ደግሞ ቤልጂየማዊውን የሕንፃና የዕቃ ንድፍ ባለሙያ ሄንሪ ቫን ደ ቬልደን አንድ ክፍል ከነሙሉ ዕቃው እንዲሠራለት አዟል። ያ ክፍል እስከ ዛሬ የሙዚየሙ ስብስብ ነው። ልብ በል፤ አርጅቶ ዋጋ እስኪያወጣ አልጠበቀም፣ አዲስ እያለ ገዛው። ከዓመት በኋላ ወደ ዋና ከተማው ሲሄድ ይህን ልማድ ይዞ ነው የሄደው።

ጥያቄ፦ ትንሽ አገር፣ ያውም በ1905 ከስዊድን ጋር የነበራትን አንድነት ገና ያፈረሰች፣ ማኔንና ሴዛንን የምትገዛበት ገንዘብ ከየት አመጣች? (በጡረታ ላይ ያለሁ የታሪክ መምህር)

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ የታሪክ ሰው ጥያቄ ነው። አብዛኛው ገንዘብ ከመርከብ መጣ ብል አልሳሳትም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኖርዌይ ገለልተኛ ነበረች። ጭነት የሚያጓጉዙ መርከቦች ኪራይ ሰማይ ሲነካ፣ ብዙ መርከበኞች በባሕር ሰርጓጅ ሲያልቁ፣ ባለ መርከቦቹ ደግሞ በአጭር ጊዜ ከበሩ። በዚያው ጊዜ ጦርነት ላይ በነበረችው ፓሪስ የሥዕል ገበያው ቀዝቅዞ ነበር። በ1917 የብሔራዊ ጋለሪ ወዳጆች የሚባል ማኅበር ተመሠረተ፤ አባላቱ ከኪሳቸው እያወጡ የፈረንሳይ ሥዕል እየገዙ ለጋለሪው ይሰጡ ነበር። ማኔ በ1867 የፓሪሱን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከኮረብታ ላይ ሆኖ የሳለበት ታላቅ ሥራ በ1923 የገባው በዚህ መንገድ ነው።

የመንግሥት በጀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ቲስ ሀብታሞቹን ማሳመን ይችልበት ነበር፤ እኔ እንደ ሙያው አካል አየዋለሁ። ገንዘቡ በምን ዘመን፣ በእነማን ሕይወት ላይ እንደመጣ ግን እርስዎም እኔም ልንረሳው አይገባም።

ጥያቄ፦ ቲስ ከጻፋቸው መጻሕፍት የቱን ላንብብ? ኖርዌይኛ አልችልም። (የሥዕል ተማሪዋ፣ በድጋሚ)

መልስ፦ በ1904 እና በ1907 መካከል ስለ ኖርዌይ ሰዓሊዎችና ቀራፂዎች ያሳተመው ሰፊ ሥራ በኖርዌይኛ ብቻ ነው የማውቀው። ስለ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የፍሎረንስ ዓመታትና ስለ መምህሩ ቬሮኪዮ የጻፈው በ1909 ወጥቶ በ1913 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል፤ በድሮ መጻሕፍት ቤት ሊገኝ ይችላል። በ1933 ሙንክ 70 ዓመት ሲሞላው ያወጣው ትልቁ የሙንክ መጽሐፍ በፍቅር የተጻፈ ነው። ከዓይን ምስክር የመጣ ነገር ሞልቶታል፤ ነገር ግን ወዳጁ ሐያሲውን ብዙ ቦታ ላይ ሲያሸንፈው ይታያል። አድልዎ ላልሽው፣ ካለ እዚህ ገጾች ላይ ነው እንጂ ግድግዳው ላይ አይደለም።

ስለዚህ ከልጁ ጀምሪ። ራግና ቲስ ስታንግ በ1909 ተወለደች፤ አባቷ «ማግስቱ»ን በገዛበት ዓመት። እርሷም የጥበብ ታሪክ ምሁር ሆና የኦስሎ ከተማን የሥዕል ስብስቦች መርታለች፤ ሙንክ በ1944 ሲሞት ለከተማዋ የተናዘዘው ሀብት ከእነዚያ ስብስቦች አንዱ ነው። በ1977 ስለ ሙንክ ሰውነትና ሥራ ያሳተመችው መጽሐፍ በ1979 በእንግሊዝኛ ወጥቷል። የሙንክን ማስታወሻዎችና ደብዳቤዎች ከሥዕሎቹ ጎን ለጎን ታቀርባለች። አባቷ ጮክ ብሎ የሚያወድሰውን እርሷ ጽሑፉን አስቀምጣ አንቺ ራስሽ እንድታነቢው ትተወዋለች። መጀመሪያ እርሷን አንብቢ፤ ኖርዌይኛ የሚያነብልሽ ሰው ካገኘሽ ደግሞ የአባቷን 1933 አስከትዪበት።